የአናንድ ሁለት ገበያዎች



በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጃራት ግዛት፣ አናንድ የምትባል ከተማ አለች። ሕንዶች የሚያውቋት በወተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የአካባቢው ገበሬዎች ወተታቸውን እንዳሻው ዋጋ እየቆረጠ የሚወስደው ነጋዴና በመሐል የቆሙት ደላሎች ቢያስመርሯቸው የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። (ለየት አድርጌ ካልጠቀስኩ በቀር ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ አሙል በሚል ስም የታወቀው ግዙፍ የወተት ድርጅት የተወለደው ከዚያ ነው። አንዲት ጎሽ ያላት የመንደር ሴት ጠዋትና ማታ ያለበችውን ይዛ ወደ መሰብሰቢያው ትሄዳለች፤ ወተቱ ይለካል፣ ቅባቱ ይመረመራል፣ በቅባቱ ልክ ይከፈላታል። ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ይህችው ከተማ በሌላ ነገር ስሟ ተጠራ። በ2004 ዶክተር ናያና ፓቴል በሚመሩት ክሊኒክ አንዲት እናት እንግሊዝ አገር ለምትኖር ልጇ መንታ አርግዛ ወለደችላት፤ አያት የልጅ ልጆቿን ወለደች ማለት ነው። ዜናው ዓለምን ዞረ። በ2007 ክሊኒኩ በኦፕራ ዊንፍሬ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረበ፤ ከዚያ ወዲያ ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከጃፓን ልጅ ያጡ ሰዎች ወደ አናንድ ጎረፉ። የሕንድ የሕግ ኮሚሽን በ2009 ባወጣው ሪፖርት፣ በመላ አገሪቱ ይህ ለሌላ ሰው አርግዞ የመውለድ ንግድ 250 ቢሊዮን ሩፒ እንደሚገመት ጠቅሷል። በወተቷ ከተማ ደላላን ያባረሩት ገበሬዎች የልጅ ልጆች በሌላ ደላላ በኩል ወደ ሌላ ገበያ ገቡ።

በዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ሁለተኛ ገበያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ እሄዳለሁ፦ ርካሽ የሆነው ለምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ክርክሩ የሚጀመረው ከሌላ ቦታ ነው። አንዱ ወገን እናትነት አይሸጥም ይላል፤ ሌላው ሴት በገላዋ ላይ ራሷ ታዝዛለች ይላል፤ ሁለቱም ትልልቅ ቃላት ተወራውረው ይለያያሉ። እኔ ግን የገበያ ነገር በዋጋው ቢመረመር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ዋጋ አይዋሽም ለማለት ሳይሆን፣ ዋጋ ሲወርድ አንድ ሰው የሆነ ነገር ተሸክሞ ስለሚሆን ነው።

በአማርኛ ነገሩን የማህፀን ኪራይ እንለዋለን። ቃሉ ቀላል ስለሆነ የገባን ይመስለናል፤ የሚደብቀው ግን ብዙ ነው። ቤት ሲከራይ አከራዩ ሌላ ቦታ ያድራል፤ ቧንቧ ቢፈነዳ ባለቤቱ አይደማም። ማህፀን ከሴቲቱ ተነጥሎ አይከራይም። የልጅ ፈላጊዎቹ ወይም የለጋሾች እንቁላልና ዘር በቤተ ሙከራ ይገናኛሉ፤ ሴቲቱ ማህፀኗ እንዲዘጋጅ ለሳምንታት ሆርሞን ትወስዳለች፤ ፅንሱ ይገባላታል። እንዲይዝ ሲባል ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ፅንስ ይገባ ነበር፤ ሁሉም ቢይዙ ደግሞ የተወሰኑት እንዲወገዱ ይደረግ ነበር። በአናንድ ሴቶቹ የእርግዝናውን ወራት የሚያሳልፉት ከባልና ከልጆቻቸው ተለይተው፣ ክሊኒኩ ባዘጋጀው መኖሪያ፣ አልጋ በአልጋ ተደርድረው ነበር። የሚበሉትን፣ የሚወጡበትን፣ የሚጠየቁበትን ሰዓት የሚወስነው ክሊኒኩ ነበር። እዚያ ለዓመታት ጥናት ያካሄደችው የሶሲዮሎጂ ምሁር አምሪታ ፓንዴ በ2014 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ ሴቲቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር እንድትሆን ትሠለጥን ነበር፦ ልጁን እንደ እናት የምትንከባከብ፣ በወለደች ማግስት ደግሞ እንደ ቅጥር ሠራተኛ አስረክባ የምትሄድ። አንዳንዶቹ ግን በዚህ አልተስማሙም፤ በደሜና በላቤ የተሠራ ነው፣ ስለዚህ ዘመዴ ነው ይሉ ነበር።

ወደ ዋጋው ልመለስ። በአሜሪካ ከ100,000 ዶላር በላይ የሚጠይቀው ሁሉ በሕንድ ከ20,000 እስከ 30,000 ዶላር ያልቅ ነበር። ለወላዷ በአብዛኛው የሚደርሳት ከ5,000 እስከ 8,000 ዶላር ነበር። ይህ ለእሷ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም፤ ፓንዴ የአንድን ቤተሰብ የአምስት ዓመት ገቢ ያህል ነው ትላለች። የኑሮና የደመወዝ ልዩነት ከቅናሹ የተወሰነውን እንደሚያስረዳ አልክድም። ነገር ግን በካሊፎርኒያ ልጅ ፈላጊዎቹ ከሚከፍሉት ውስጥ ለወላዷ የሚቆምላት የራሷ ጠበቃ አለ፤ የጤናና የሕይወት ኢንሹራንስ አለ፤ ለመንታ፣ ለቀዶ ሕክምና፣ ለማህፀን መጥፋት ለየብቻው የተቆረጠ ካሳ አለ። በአናንድና በሙምባይ የተቀነሰው ይህ ነው። ፅንሱ ቢጨነግፍ የሚከፈላት ጥቂት ነበር። ስንት ፅንስ ይግባ፣ የትኛው ይወገድ፣ መቼ በቀዶ ሕክምና ትውለድ የሚለውን ሌሎች ይወስኑ ነበር። ልጁን ካስረከበች በኋላ የሚደርስባትን በሽታ የሚያሳክም ውል አልነበረም። ስለዚህ ልጅ ፈላጊው የሸመተው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ አደጋውንም አሸክሞ ነው የሄደ። ቅናሹ ከዚያ ነው የመጣ።

አደጋ ስል ቃል ለማጋነን አይደለም። በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ከ2012 እስከ 2021 በተመዘገቡ ከ860,000 በላይ ወሊዶች ላይ የተደረገና በ2024 የታተመ ጥናት፣ ያለ ሕክምና እርዳታ ካረገዙ እናቶች መካከል ከባድ የጤና ጉዳት የደረሰባቸው 2.3 በመቶ ሲሆኑ ለሌላ ሰው ካረገዙት ግን 7.8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ሐኪም በማይታጣበት፣ ገንዘብ ለወላዷ በሕግ በማይከፈልበት አገር የተገኘ ቁጥር ነው። ደም ግፊቱ፣ መድማቱ፣ ኢንፌክሽኑ እዚያ በጊዜ ይደረስበታል። ደኅና ሆስፒታል ከመንደሯ በብዙ ኪሎ ሜትር የራቀ ሴት፣ ከወለደች ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤቷ ተኝታ ብትደማ ውሏ ቀድሞ አልቋል።

ነገሩ ሳይበላሽ ሲቀር ውሉ ጥሩ ይመስላል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ፎቶ ይነሣል። ውል የሚፈተነው ሲበላሽ ነው። በ2008 ከአናንድ ልጅ ያዘዙ ጃፓናውያን ባልና ሚስት ሕፃኗ ሳትወለድ ተፋቱ፤ ሚስቲቱ አልፈልግም አለች፤ የእንቁላል ለጋሿ ማን እንደሆነች አይታወቅም፤ ወላዷ ውሏን ጨርሳለች፤ የሕንድ ሕግ ደግሞ ላላገባ ወንድ ሴት ልጅ በጉዲፈቻ አይሰጥም። ሕፃኗ ጉዳይዋ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ አያቷ ከጃፓን መጥታ ስታሳድጋት ለወራት ያለ አገር ቆየች። በግንቦት 2012 በአሕመዳባድ የስምንት ወር እርጉዝ የሆነች፣ የራሷ ሁለት ልጆች ያሏት የሠላሳ ዓመት ሴት ለምርመራ በሄደችበት ወድቃ ሞተች፤ ያረገዘችው ልጅ በቀዶ ሕክምና ወጣ። በ2014 የታይላንዱ ጉዳይ ዓለምን አስደነገጠ። አንዲት የ21 ዓመት ሴት ለአውስትራሊያውያን ባልና ሚስት መንታ ወለደች፤ ሴቷን ይዘው ሄዱ፤ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ወንዱ ከወላዷ ጋር ቀረ። ጋዜጦች ሁሉ ጣሉት ብለው ጻፉ። በ2016 የምዕራብ አውስትራሊያ የቤተሰብ ፍርድ ቤት ማስረጃውን መርምሮ ባልና ሚስቱ ልጁን አልጣሉትም፣ ወላዷ ናት ላስቀረው ያለችው ብሎ ወሰነ። ይህን የምጠቅሰው ለእውነት ስል ነው፤ ብዙ ተናጋሪ የጋዜጣውን ግማሽ ይዞ የፍርዱን ግማሽ ይተዋል። ነገር ግን ፍርዱ ባልና ሚስቱን ከወቀሳ ቢያወጣም ሸክሙ የወደቀው በማን ጉልበት ላይ እንደሆነ አልለወጠም፦ በቾንቡሪ ግዛት የምትኖር አንዲት የድሃ ቤት ልጅ ሕክምና የሚያስፈልገውን ሕፃን አሳደገች።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ነገሩን እንደ ኔፓሉ የመሬት መንቀጥቀጥ አድርጎ ያሳየኝ የለም። ሕንድ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ያላገቡና ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው የውጭ ሰዎች ለዚህ ጉዳይ እንዳይመጡ ስትከለክል ደላሎቹ ሥራውን ድንበር አሻግረው ወደ ካትማንዱ ወሰዱት። የኔፓል ሴቶች ለዚህ ሥራ መዋል ስለማይችሉ የሕንድ ሴቶች ተጓጉዘው እዚያ ይወልዱ ጀመር። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ፣ በዚያን ጊዜ በአገራቸው ሕግ ያልተፈቀደላቸው የእስራኤል ወንድ ጥንዶች ነበሩ። ሚያዝያ 2015 ምድር ስትናወጥ እስራኤል አውሮፕላን ልካ ከሃያ በላይ ጨቅላ ሕፃናትን አወጣች፤ መልካም አደረገች። የወለዷቸው ሴቶች መሬቱ ገና መንቀጥቀጡን ባላቆመበት ከተማ ቀሩ። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም፤ አብራሪው ሕፃን ያድናል፣ አባቱ ልጁን ያቅፋል። ውሉ ግን ሴቲቱን ስላልጠቀሰ የአውሮፕላኑ ዝርዝርም አልጠቀሳት።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልስማ። ከሁሉም የበረታው፦ ሴቶቹ ማንም አላስገደዳቸውም፣ አውቀው ገቡበት፣ ከነበሩበት የተሻለ ሆኖ አገኙት የሚለው ነው። ተመራማሪዋ ሻርሚላ ሩድራፓ በሕንዷ ባንጋሎር ያነጋገረቻቸው ሴቶች ብዙዎቹ ከልብስ ስፌት ፋብሪካ የመጡ ነበሩ። በፋብሪካው ከንጋት እስከ ማታ ይሰፋሉ፣ አለቃ ይሰድባቸዋል፣ የወር ደመወዙ ለቤት ኪራይ አይበቃም። ልጅ መሸከሙን ከዚያ የሚበልጥ ትርጉም ያለው ሥራ ነው ብለዋታል። ይህን ምስክርነት የሚያጣጥል ሰው ድሃ ሴት ማሰብ አትችልም ብሎ የሚያምን ነው፤ እኔ በበኩሌ የሴቶቹን ቃል እቀበላለሁ። ፈቃዳቸው እውነተኛ ነው። ጥያቄዬ ያ ፈቃድ ስንት ቀን ያገለግላል ነው። ውሉ ላይ ስትፈርም የፈቀደችው በዚያን ቀን ባወቀችው ነገር ነው፤ አብዛኞቹ ማንበብ በማይችሉት በእንግሊዝኛ በተጻፈ ወረቀት ላይ። በአራተኛው ወር መንታ ነው፣ አንዱ ይወገድ ሲባል፣ በስምንተኛው ወር ለልጅ ፈላጊዎቹ የአውሮፕላን ቀን እንዲመች በቀዶ ሕክምና ትወልጃለሽ ሲባል፣ እንደገና የሚጠይቃት አልነበረም። ሥራ ከሥራ የሚሻለው በደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ከፋብሪካ ብትበሳጭ ጥላ ትወጣለች። ከዚህ ግን ወጥታ የት ትሄዳለች?

እዚህ ላይ ከእኛው አገር ሰው ተነሥቶ፣ ስንት እኅቶቻችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ይሄዱ የለም ወይ፣ እሱም አደጋ አለው፣ እሱም ገላን መሸጥ አይደለም ወይ ሊለኝ ይችላል። ንጽጽሩ ትክክል ነው፤ ግን የሚያስረዳው የእኔን ነገር ነው። በቤይሩት ሰውን የሚጎዳው ሥራው ራሱ አይደለም። ልብስ ማጠብና ልጅ መጠበቅ አይገድልም። የሚጎዳው ፓስፖርቷ አሠሪው እጅ ውስጥ መሆኑ፣ አሠሪ መቀየር ያለ አሠሪው ፈቃድ አለመቻሉ፣ ከፋላ የሚሉት ሥርዓት ነው። መውጫ የሌለው ውል ከክፉ ሰው ጋር ሲገጥም ምን እንደሚሆን ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ለማስረዳት ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። እርግዝና በተፈጥሮው መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው የሚያዝበት እርግዝና ከየትኛውም ቅጥር በላይ ጥበቃ ይሻል። በድሃ አገር የሆነው ተቃራኒው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የልጅ ፈላጊዎቹ ሐዘን ነው። ወላድ በድባብ ትሂድ በሚባልበት አገር ለተቀመጠ አዳራሽ መካንነት ምን እንደሆነ መዘርዘር ድፍረት ይሆንብኛል። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ በሕክምና መረዳት ይገባዋል። ሐዘን ግን አደጋን ወደ ሌላ ሰው የማሻገር መብት አይሰጥም። ደግሞም ልጅ ፈላጊዎቹ ራሳቸው ከዚህ ገበያ ብዙ ተጎድተዋል። በኮቪድ ዘመን፣ በ2020፣ ዩክሬን ድንበሯን ስትዘጋ ኪየቭ በሚገኝ አንድ ሆቴል ውስጥ ለውጭ ልጅ ፈላጊዎች የተወለዱ 46 ጨቅላ ሕፃናት ወላጆቻቸውን እየጠበቁ ሲያለቅሱ በቪዲዮ ታዩ። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ የሚጎዳ እንጂ የሚጠቀም አይታይም፤ የሚጠቀመው ካሜራ ፊት አይቆምም።

እንግዲያውስ ይከልከል የሚሉ አሉ። ሕንድ በ2015 የውጭ አገር ሰዎችን ሙሉ በሙሉ አገደች፤ ታይላንድና ኔፓልም በዚያው ዓመት ዘጉ። ደላሎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ካምቦዲያ ገቡ። ካምቦዲያ በ2016 ስትከለክል ሥራው በድብቅ ቀጠለ፤ በ2018 ፖሊስ ለቻይናውያን ደንበኞች ያረገዙ ከሠላሳ በላይ ሴቶችን ይዞ በሰው ማዘዋወር ወንጀል ከሰሳቸው። ለማን እንዳረገዙ እንኳ በቅጡ የማያውቁ ሴቶች ሰው ነጋዴ ተባሉ። በዋስ የተለቀቁት የወለዱትን ልጅ ራሳቸው ሊያሳድጉ ፈርመው ነው። በ2024 ተራው የፊሊፒንስ ሴቶች ሆነ፤ አሥራ ሦስቱ እርጉዝ እንዳሉ ተፈረደባቸው፣ በካምቦዲያ ንጉሥ ይቅርታ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይህን መንገድ እኛም እናውቀዋለን። በ2006 ዓ.ም. መንግሥታችን ወደ ዓረብ አገሮች የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ሲያግድ ጉዞው አልቆመም፤ ከአውሮፕላን ወርዶ ወደ የመን ጀልባ ገባ። እገዳው ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ ተነሣ።

ሦስተኛ መንገድ አለ ይላል የሕንድ የ2021 ሕግ፦ ገንዘቡን አውጡት፣ በበጎ ፈቃድ ብቻ ይሁን። ከሕክምና ወጪና ከ36 ወር ኢንሹራንስ በቀር ለወላዷ ምንም አይከፈል፤ ንግድ ያደረገው እስከ አሥር ዓመት ይታሰር። በዚህ ሕግ አንድ የማደንቀው ነገር አለ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሴቲቱ ተገድዳ እንደሆነ ይገመታል፤ ወንጀሉ ወደ እሷ አይዞርም። ካምቦዲያ ያላሰበችውን አሰበ። የ36 ወር ኢንሹራንሱም ቢሆን ከቀድሞው ገበያ የተሻለ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ሲወጣ አደጋው አብሮ አልወጣም፤ በነፃ ሆነ እንጂ። በትልቅ ቤተሰብ ውስጥ አማቷ ለትልቁ ልጄ አርግዢለት ስትላት እምቢ የማለት አቅም ያላት ምራት ስንት ናት? የሕንድ ፓርላማ ኮሚቴ ራሱ በ2017 ይህን አይቶ፣ ሴቲቱ ተመጣጣኝ ካሳ ታግኝ ብሎ መክሮ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። በጎ ፈቃድ የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ከቤቱ ደካማ ሰው ላይ ለምን እንደሚጀምር ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል።

ኢትዮጵያ በማህፀን ኪራይ ገበያ ስሟ የተጠራ አገር አይደለችም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ዓ.ም.፣ እናትነትን በመውለድ ያረጋግጣል፤ የወለደች እናት ናት። ነገር ግን የልጅ ፍላጎትና የውጭ ምንዛሪ በድሃ አገር ሲገናኙ ምን እንደሚሠሩ በጉዲፈቻ ዓይተናል። ጉዲፈቻ ከኦሮሞ የወሰድነው የተከበረ ቃል ነው፤ ልጁ እንደ አብራክ ልጅ ሆኖ ወደ ሌላ ቤት የሚዘልቅበት። በ2010 ብቻ ወደ አሜሪካ የሄዱት ኢትዮጵያውያን ልጆች 2,500 ያህል ነበሩ። እናት አባት ያለው ልጅ በወረቀት ወላጅ አልባ ሆኖ የተሰጠበት ጉዳይ ጥቂት አልነበረም፤ ወላጆች ልጁ ተምሮ ይመለሳል ብለው የፈረሙበት ነበር። ደላላ በመሐል ቆሞ ለፈላጊው እርግጠኝነት፣ ለድሃው ደግሞ ተስፋ ይሸጥ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ለውጭ ዜጎች መስጠት በአዋጅ ቁጥር 1070 ተዘጋ።

ታዲያ ፍትሐዊ የሚባለው ውል ምን ይመስላል? የእንግሊዝ ሕግ አንድ ፍንጭ ይሰጣል። እዚያ ስትወልድ ወላዷ በሕግ እናት ናት፤ እናትነቱ ወደ ሌሎቹ የሚሻገረው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲሆን፣ ከወለደች ስድስት ሳምንት ሳይሞላ የሰጠችው ፈቃድ አይሠራም። በዚህ ላይ ሌሎችን እንጨምርበት። በገላዋ ላይ የሚደረግ ውሳኔ ሁሉ እስከ መጨረሻው ቀን የሴቲቱ ይሁን፤ የራሷ ሐኪምና የራሷ ጠበቃ በሌላው ወገን ወጪ ይቁሙላት፤ ከወለደች በኋላ ለዓመታት ትታከም፤ ብትሞት ልጆቿ ይካሱ፤ ሕግ ከተጣሰ ተጠያቂው ደላላውና ክሊኒኩ ይሁን። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ዋጋውን ቁጠሩ። አናንድ ከካሊፎርኒያ የምትለይበት ቅናሽ አብዛኛው ይተናል። ቅናሹ ሲተን ከቶኪዮና ከሲድኒ እዚያ ድረስ የሚያስመጣ ምክንያት አይቀርም። ገበያው በእገዳ ሳይሆን በፍትሕ ይከስማል ማለቴ ነው። የባንጋሎሯ ልብስ ሰፊ ያንን ገቢ ታጣለች፤ ይህን አልሸሽግም። የሚጠፋባት ገንዘብ ግን እስካሁን በማንም መዝገብ ላይ ያልሰፈረ የአደጋዋ ዋጋ ነበር።

አንዳንድ ወዳጆች ታዲያ እንደ ወተቱ ገበሬዎች ሴቶቹም ቢደራጁስ ይላሉ። ሐሳቡ ይማርካል፤ አናንድ ውስጥ ሆኖ ሲነሣ ደግሞ ይበልጥ ይማርካል። ነገር ግን በ1946 የአናንድ አካባቢ ገበሬዎች እንዴት እንዳሸነፉ ማስታወስ ያስፈልጋል። ለ15 ቀን አንድ ጠብታ ወተት ለነጋዴው አልሰጡም፤ ይልቁንም በየመንገዱ ደፉት። በመጨረሻ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አገኘ፤ ጎሾቹም በማግስቱ እንደ ወትሮው ታለቡ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ግን ለ15 ቀን የምታቆመው፣ በመንገድ ላይ የምትደፋው ነገር የላትም።